ጨረቃዋን ማን አያት?



ጥምቀት አለፈ፤ የሚድ ፕሮግራም ተለጠፈ፤ የደብረ ማርቆስ ውርጭም ለፈጅር ውዱእ የሚነሣውን ሰው እንደ ወትሮው እያስፈራራ ነው። (ቧንቧው ሥር ቆሞ «ቢስሚላህ» ካለ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ውኃውን ብቻ የሚያይ ወንድም አለን፤ ስሙን አንጠቅስም።) በዚህ ሁሉ መሐል ከዶርም ዶርም የሚዞረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ረመዷን መቼ ነው የሚገባው? አንዱ ስልኩን ያወጣና «የካቲት 11» ይላል። ሌላውም ስልኩን ያወጣና «የካቲት 12» ይላል። ሦስተኛው ስልኩን ሳያወጣ «ጨረቃ ስትታይ» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። እውነቱ ከሦስተኛው ጋር ነው፤ ሆኖም እሱ ተኝቷልና የቀረውን ወሬ እኛ እንጨርሰው።

የዘንድሮው ክርክር ጥሩ ምክንያት አለው። ማክሰኞ የካቲት 10 ቀን 2018 የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ከጎጃም አይታይም፤ ቀለበት ሆኖ የሚታየው አንታርክቲካ ላይ ስለሆነ ዋነኞቹ ተመልካቾች ፔንግዊኖች ናቸው። እኛን የሚጠቅመን ሰዓቱ ነው። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በእሷና በምድር መካከል ስትገባ ነው። ያች ቅጽበት ደግሞ አሮጌዋ ጨረቃ ያለቀችባት፣ አዲሲቱ «የተወለደችባት» ቅጽበት ናት። ይህ የሚሆነው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ነው። በየካቲት ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ ወደ ምዕራብ ብናፈጥ የምንፈልጋት ጨረቃ የሦስት ሰዓት ተኩል ጨቅላ ናት። በዚህ የተካኑ ሰዎች በባዶ ዓይን አየናት ያሏት ትንሿ ጨረቃ እንኳ ዐሥራ አምስት ሰዓት ያለፋት ነበረች። በሒሳቡ ከሄድን ማክሰኞ ማታ አትታይም፤ ሻዕባን ሠላሳ ይሞላና ሐሙስ የካቲት 12 እንጾማለን። የሳዑዲው የኡሙል ቁራ የቀን መቁጠሪያ ግን ረቡዕ የካቲት 11ን ጽፏል። መስፈርቱ መታየቷን ሳይሆን በመካ አቆጣጠር ከመግሪብ በፊት መወለዷንና ከፀሐይ ኋላ መጥለቋን የሚመለከት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ስልኮች አልዋሹም። የለኩት ነገር ይለያያል እንጂ።

ግርዶሽ ከተነሣ አይቀር፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እሑድ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ የሸክላ ምጣድ መስላ ቆየች። ደመናው የገለጠለት አየ፤ ያልገለጠለት በፌስቡክ አየ። የጎጃም ጳጉሜን ለጨረቃም ለፎቶም አይመችም። በማግስቱ ግን የሰማይ ዕውቀት ድንገት የተገለጠላቸው ሰዎች በዙ። ግርዶሹን ከፖለቲካው ጋር ያገናኘ አለ፣ ከዘይት ዋጋ ጋር ያገናኘ አለ፣ ከአርሴናል ጋር ያገናኘም አለ። (የአርሴናል ደጋፊ ወንድሞቻችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዋንጫውን እየጠበቁ ነው። ስለ ሶብር ዳዕዋ የሚያደርግ ሰው ሲጠፋ እነሱን እንጋብዛለን።)

የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ትንሹ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዎች ወዲያው «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ልብ በሉ፣ ይህን ያሉት ጠላቶች አይደሉም፤ የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። ልጁን ለቀበረ አባት እንዲህ ያለ ወሬ ማጽናኛ ይመስላል። ሌላ መሪ ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ሰውንም ወደ ሶላት መሩት። በዚያ የሐዘን ቀን የተሳሳተን ወሬ ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው ያውቀዋል። እኛ የስልካችንን ወሬ ሼር ከማድረጋችን በፊት ለአንድ ደቂቃ እንኳ መቆም ያቅተናል።

ወደ ጨረቃችን እንመለስ። «አንድ አገር ከታየች ለሁሉም ታየች» የሚሉ ዑለማዎች አሉ፤ «እያንዳንዱ አገር የራሱ እይታ አለው» የሚሉም አሉ። ሁለተኞቹ ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የኩረይብ ታሪክ ነው። ኩረይብ ለጉዳይ ወደ ሻም ተልኮ ሳለ ረመዷን እዚያ ገባበት፤ ጨረቃዋም የዓርብ ሌሊት ታየች። በወሩ መጨረሻ መዲና ሲመለስ ኢብኑ ዐባስ መቼ እንዳዩ ጠየቁት። ነገራቸው። እነሱ ግን መዲና ላይ ያዩዋት የቅዳሜ ሌሊት ነበር። «ሙዓዊያ ያዩትና የጾሙት አይበቃችሁም?» ሲል ጠየቃቸው። አይበቃንም አሉት፤ ነብዩ ያዘዙን እንዲህ ነው ብለው። እኛን የገረመን ፍርዱ ብቻ አይደለም። ያ ወሬ ከሻም መዲና ለመድረስ አንድ ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ዛሬ ሪያድ ላይ የታየች ጨረቃ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በሃያ የቴሌግራም ግሩፕ ትደርሰናለች፤ ክርክሩ ግን አንድ ጸጉር አላጠረም።

ለነገሩ ቴሌግራም የሌለበትንም ረመዷን አይተናል። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2016 ምሽት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ በየቤታችን ነበርን። ከመግሪብ በኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ ሬዲዮ ተመለሰ፤ ባትሪው ከአልቃሽ የባሰ ድምፅ የሚያወጣ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሽማግሌ በአንድ ሌሊት የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሆነ። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ይደውላል፤ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ እንደገና ይደውላል። በመጨረሻ ከወዲያኛው ጫፍ የተሰማው «ታይታለች» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ በርም ሳይንኳኳ ከቤት ቤት ሄደ። ስለዚያ ዓመት ብዙ የሚቆጨን ነገር አለ፣ ሁሉም እዚህ አይጻፍም። ያ የጨረቃ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የነበረው ደስታ ግን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ኖቲፊኬሽን አልመጣልንም።

በማግስቱ፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ረመዷን ገባ። በዚያው ሰኞ የኦርቶዶክሶች ዐቢይ ጾምም ገባ። በአንድ ቀን! በአጋጣሚ ነው ብለን ልናልፈው አልን፤ ግን ቁጥሮቹ ይጣፍጣሉ። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተጓዘ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ደግሞ በባሕረ ሐሳብ እየተሰላ በየካቲትና በመጋቢት መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። ሁለቱ በ2016 በአንድ ቀን ገቡ፤ በ2017 በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ሲገባ እኛ በሁለት ወይም በሦስት ቀን እንከተላለን። በ2019 ደግሞ፣ ኢንሻአላህ ከደረስን፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ሲጀምር እኛ የመጨረሻዎቹን ቀናት እየቆጠርን እንሆናለን። ጾሙን እንደ ዱላ ቅብብል አቀብለናቸው ወደ ዒድ እንሄዳለን ማለት ነው።

ረመዷን ወቅቶችን ዞሮ ወደዚያው ቦታ ለመመለስ 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዘንድሮ ሃያ ዓመት የሞላው ፍሬሽ ተማሪ ረመዷንን ዳግመኛ በየካቲት የሚያገኘው ሃምሳን ሲሻገር ነው። ያን ጊዜ ምናልባት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «አባዬ በእናንተ ጊዜ ጨረቃን በዓይን ነበር አሉ የምትፈልጉት» ይለው ይሆናል። አንድ ተጨማሪ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሆን፦ በፈረንጆቹ 2030 ረመዷን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ በጥር አንዴ በታኅሣሥ። በእኛ አቆጣጠር ግን ይህ የሚሆነው ረመዷን መስከረም ላይ ሲደርስ ነው፤ ስሌቱ 2032 ላይ ያደርሰናል። መስከረም መጀመሪያ አካባቢ አንድ ረመዷን፣ ጳጉሜን ላይ ሌላ። ቀዳ ያለበት ሰው ከአሁኑ ያስብበት።

ይህ ሁሉ ቁጥር ዶርም ውስጥ ሲገባ ሌላ መልክ አለው። ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ሁለታችን ሙስሊሞች፣ አራቱ ኦርቶዶክሶች ነን እንበል። እዚህ ከተማ ላይ ቁጥሩ ከዚህ ሲሻልልን ብዙ አይታይም። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ውኃም አትጠጡም?» አንጠጣም። «ትንሽም?» ትንሽም። እኛ በተራችን «55 ቀን ሙሉ? ወተትም? እንቁላልም?» እንላለን። እነሱም «እንቁላልም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ መከባበር ይወርድና ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እነሱ የሽሮ ሽታ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ መስኮት እንከፍታለን። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እኛ የሱሑር ሳህን እናንኳኳለን፤ እነሱ ትራስ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዱ ግን ትራሱን ሳያደርግ ተነሥቶ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ሲወጣም ያልነቃውን ወንድማችንን እግሩን ጎትቶ «ተነሥ፣ ሊነጋብህ ነው» ይለዋል። ስንቶቻችን ነን በክርስቲያን ጓደኛ እጅ ሱሑር የደረሰልን! አላህ ይቁጠርለት።

አስቸጋሪው ሥጋው ነው። የእኛ አገር ሰው በሥጋ ይለያያል፤ የእነሱን ዕርድ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በግ ይገዛል፤ ሙስሊሙ ራሱ ያርዳል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። እኛ ዶርም ውስጥ በግ የለንም። ያለን ሳምቡሳ ነው። ሥጋ ከገባበት እኛ ብቻ ነን የምንበላው። በአደባባይ «ኑ አብረን እናፍጥር» ብለን ጠርተን ጓደኞቻችን ዳቦ ብቻ ሲያላምጡ ማየት ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ ያለፉት ሦስት ረመዷኖች መፍትሔ የምስር ሳምቡሳ ሆነ። ምስር ለጾመኛው ጾም ነው፤ ለሚያፈጥረው ኢፍጣር ነው። በስብሰባም በኮንፈረንስም ስለ መቻቻል ብዙ ንግግር ሰምተናል። የምስር ሳምቡሳን ያህል የሠራ አላጋጠመንም። አዎ፣ በዘይት ነው የሚጠበሰው፤ የዘይቱን ዋጋ አታስታውሱን።

ሰዓት ላይም አንድ ነገር እንበል፤ ከሩቅ የመጡ ፍሬሾች በየዓመቱ ስለሚሳሳቱበት። አፑ «መግሪብ 6:37» ይላል። የእኛ ሰው 12:37 ይላል። አንድ ልጅ አፑን አምኖ ከቀኑ 6:37 ላይ ቴምሩን ይዞ ሲቀመጥ በዓይናችን አይተናል። (አዛን አለመስማቱ ትንሽ አጠራጠረው፤ አልሐምዱሊላህ።) ብዙዎች የኢትዮጵያ ሰዓት በዓለም ላይ ብቸኛ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ዑስማኒያ ቱርኮችም ቀኑን ከመግሪብ ነበር የሚጀምሩት፤ ሰዓታቸውን ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ላይ ያደርጉ ነበር። ይህን የተዉት እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የእነሱ ችግር አገራቸው ወደ ሰሜን ስለሚርቅ መግሪብ ከወቅት ወቅት በሰዓታት መዛወሩ ነበር፤ ሰዓቱን በየጊዜው ማስተካከል ነበረባቸው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ደብረ ማርቆስ ላይ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ጾማችንም ክረምት በጋ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ስካንዲኔቪያ ያሉ ዘመዶቻችን በሰኔ አሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ሰዓት ጾመው ሲያበቁ «እናንተማ ታድላችኋል» ብለው ቢደውሉልን አንከራከርም።

ቂብላችንም ቀላል ነው። ከደብረ ማርቆስ መካ ከሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ፣ በአየር 1,250 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናት። ሜዳ ላይ ሶላት ከደረሰባችሁና ሰማዩ ጥርት ካለ ጮቄን ፊት ለፊት ካደረጋችሁ ብዙ አትርቁም። የበለጠ ማረጋገጥ የሚፈልግ ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ያቁም። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ናት፤ የእኛና የመካ ሰዓትም አንድ ነው። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ጥላው አጭር ስለሚሆን ረዘም ያለ ዘንግ ይዛችሁ ውጡ። ይህ በሐምሌ 9 አካባቢም ይደገማል፤ ጎጃም ላይ ግን በሐምሌ ፀሐይ ካገኛችሁ ቂብላውን ትታችሁ መጀመሪያ ልብሳችሁን አስጡ።

ረመዷን ሲገባ ወሬ እንቀንሳለን ብለን ቃል ስለገባን፣ የዓመቱን ወሬ አሁኑኑ እናራግፈው። ማደሪያ የለውም ሲባል የኖረው አባይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በይፋ ማደሪያ አገኘ፤ ግድቡ ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ወንዙ ከሰከላ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ነው የሚሄደው። የእኛ ዶርም መብራት ሲጠፋ «ውኃው ከኛ ሰፈር እንደሄደ ይታወቅልን» የሚል ወንድም አለ፤ በጨለማ ውስጥ ስለሚናገር ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ቡናም ወሬ ነበር። በ2017 የካቲት የዓለም ገበያ ዋጋው ከዚያ በፊት ያልታየበት ከፍታ ላይ ወጣ፤ አገራችን በዓመቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ግቢ በር ላይ ቡና የምታፈላው እህታችን ደግሞ ስኒዋን በትንሽ ስኒ ለወጠች። ቡናን ሌሊት ለዚክር ለመንቃት የተጠቀሙት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፍዮች ነበሩ፤ እኛ ለፋይናል እንጠቀምበታለን። ትንሽ የሚያስገርመው ይህ ደጋ ቡናን ያይ የነበረው እንደ ሙስሊም መጠጥ አድርጎ መሆኑ ነው፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ካህናቱ ይቃወሙት ነበር። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ወደ አባይ ስትወርዱ የምታገኟት የጁቤ በዚያ ዘመን የባሶ ገበያ ነበረች፤ ሙስሊም ነጋዴዎች ከእናርያና ከጊቤ ማዶ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን በአጋሰስ ጭነው አባይን ተሻግረው የሚያራግፉባት። «እናንተ እዚህ አገር መቼ መጣችሁ?» ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው የጁቤን ጠቅሶ ቡናውን ፉት ማለት ይቻላል። ክርክር አያስፈልግም።

ከዓመቱ ወሬ ሁሉ ግን ከአእምሯችን ያልወጣው ሀይሊ ጉቢ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ያ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በታሪክ በተመዘገበ ዘመን ፈንድቶ አያውቅም ነበር። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ሕንድ ሄዶ አውሮፕላኖችን አስቀረ። ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ ብለን ቀለድን። ከብቶቻቸው ግጦሽ ያጡ የአፍዴራ አርብቶ አደሮች ግን አልሳቁም። እኛም ሳቁ ብዙ አልቆየልንም፤ ያንኑ ባሕር ሌሎችም ሲሻገሩት ነበርና። ሐምሌ 27 ቀን 2017 በየመን አብየን የባሕር ዳርቻ ጀልባ ተገልብጦ በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዕድሜያቸው የእኛ ነው። ከየወረዳችን አብረውን አሥረኛ ክፍል የተማሩ፣ ማትሪክ ያልመጣላቸው ወይም መጥቶላቸው ሥራ ያጡ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ብንጠያየቅ፣ በየዶርሙ «አንዱ በዚያ መንገድ ወጥቷል» የማይል አይገኝም።

በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ይህንኑ ባሕር ተሻግረዋል፤ የነብዩ ልጅ ሩቅያና ባለቤቷ ዑስማን ከመካከላቸው ነበሩ። በሹዐይባ ወደብ የነጋዴ መርከብ አገኙና በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ ይላል ታሪኩ። የሚሸሹት ግፍን ነበር፤ የመጡትም ወደ ሐበሻ ነበር። ኹጥባ ላይ ስለ ነጃሺ ፍትሕ ሲነገር ደረታችን ይነፋል። ዛሬ የነጃሺ አገር ልጆች በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በግማሽ ዲናር ሳይሆን በእናት መሬትና በከብት ዋጋ ይሳፈራሉ። ይህን ሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያወራ ኹጥባ እስካሁን አልሰማንም። ብንሰማ ደስ ይለናል። ለጊዜው በዚህ ረመዷን ከሚሰበሰበው ሰደቃ ጥቂቱ፣ ለመንገድ የተነሣ አንድ የሰፈር ልጅ የሙያ ሥልጠና መመዝገቢያ ቢሆን የሚል ሐሳብ ለጀማዓው አቅርበናል፤ የሚደግፍ ይናገር፣ የሚቃወምም ከነምክንያቱ ይናገር።

መንገድ ካነሣን የራሳችንም አለ። ዒድ መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ ይሆናል። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደሴና ከሚሴ ከዚያም ዞሮ ነው። የመንገዱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሳምንት ሰላም ነው፣ ሌላ ሳምንት ዝግ ነው፣ ታሪፉም በየቀኑ የሚወለድ ነው። ባለፈው ዒድ የአንዱ ወንድማችን እናት በስልክ «ልጄ፣ ና አልልህም፤ ቅርም አልልህም» አሉት። ከዚህ ዐረፍተ ነገር በኋላ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ካርዱ እስኪያልቅ። እሱ ቀረ። ሌሎችም ቀሩ። ስንቆጠር ከገመትነው በላይ ሆንን፤ የዒድ ሶላታችንን ከተማው መስጊድ ሰግደን ተመለስን፤ ከሰዓት በኋላ እህቶች ያዘጋጁትን በልተን፣ ማታ በየተራ ቤተሰብ ደወልን።

ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ባዶ እጃችንን እንዳንገኝ ሦስት ነገር አስበናል። ማክሰኞ የካቲት 10 እና ረቡዕ የካቲት 11 ከመግሪብ በኋላ ከግቢው በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ላይ ጨረቃ ፍለጋ እንወጣለን፤ ፀሐይ የገባችበትን ቦታ ያዙና ከዚያ ከፍ ብላችሁ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈልጉ፣ ጋቢም ያዙ። ማክሰኞ አትታይም ብለናል፤ ግን ማየት ነው ሱናው፣ ደግሞም ከሚድ ጥናት አንድ ሰዓት መስረቅ ለማን ይጎዳል? ውሳኔውን ከመጅሊሱ ነው የምንሰማው፤ «እኔ አይቻለሁ» ብሎ ለብቻው የሚጀምር ወንድም ካለ የሰፈሩን ማማ መብራት አለማየቱን ያረጋግጥ። ለዒድ ግቢ የሚቀር ከረመዷን አጋማሽ በፊት ስሙን ለጀማዓው ያስመዝግብ፤ በግ መግዛት ካለብን ገበያው ላይ የሚከራከር የጎጃም ልጅ ከመካከላችን መምረጥ አለብን፣ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጫማውን ጠርጎ አይሂድ፣ ይጨምሩበታል።

ሦስተኛው የዒድ ቀን ምሳ ነው። የዶርም ጓደኞቻችን ያን ቀን ገና ጾም ላይ ናቸው፤ ፋሲካቸው ሚያዝያ 4 ነው። ስለዚህ ከበጉ ድስት ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ የምስር ድስት ይጣዳል። የምግብ ኮሚቴ የሆናችሁ፦ በዚያኛው ድስት ውስጥ ቅቤ እንዳይገባ፣ ማንኪያውም እንዳይደባለቅ።